ታችኛዋ ላ

ቁም ሣጥኑ ዝም ያለው እሷ «እሺ» ከማለቷ በፊት ይሁን ካለች በኋላ፣ ቀኑን ሙሉ ብታወጣው ብታወርደው ልትደርስበት አልቻለችም። ስልኩ ሲጮህ ያንጎራጉር ነበር፤ ይህን በደንብ ታስታውሳለች። ስልኩን ስትዘጋ ግን ቤቱ ጭር ብሎ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ከወዲያ በኩል የወንድሟ ሚስት የስፌት መኪና መንተክተክ ጀመረ፤ ከቁም ሣጥኑ ግን ምንም አልመጣም።

ቁም ሣጥን ያንጎራጉራል ሲባል ለሰሚው ግራ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። ክፍሉን ለሁለት የከፈለው ግድግዳ ሳይሆን ከእናትና ከአባታቸው የተረፈ፣ ጣሪያውን ሊነካ ትንሽ የቀረው የድሮ ቁም ሣጥን ነው። በፊቱ በኩል ወንድሟና ሚስቱ ይኖራሉ፤ በጀርባው በኩል እሷ ከአልጋዋና ከኪቦርዷ ጋር። ወንድሟ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው። ቤዝ ጊታር ደግሞ ያለ ድምፅ ማጉያ ቢመቱት ከዝንብ የሚሻል ነገር አይወጣውም፤ ማጉያውን ቤት ውስጥ ቢከፍተው ከታች ያሉት ጎረቤቶች በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን ይደበድባሉ። ስለዚህ መላ ዘየደ። የጊታሩን አናት ቁም ሣጥኑ ላይ አስደግፎ ይጫወታል። እንጨቱ ድምፁን ይጠጣውና፣ ሆዱ ውስጥ ከታጨቁት ካፖርቶችና ብርድ ልብሶች ጋር አብሮ ማንጎራጎር ይጀምራል። የእሷ አልጋ የቁም ሣጥኑን ጀርባ ተደግፎ ስለቆመ የወንድሟን ድምፅ የምትሰማው ከጆሮዋ አስቀድማ በአከርካሪዋ ነው። ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል፤ ቁም ሣጥንማ ከጆሮም አልፎ ሆድ አለው።

የደወለው የሆቴሉ የመስተንግዶ ኃላፊ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሻይ ሊጠጡ ለሚመጡ እንግዶች፣ ወንድምና እህት ሆነው እዚያ መጫወት ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። ኃላፊው ከረባቱን በየደቂቃው የሚያስተካክል ሰው ስለሆነ ወንድሟ «ከረባት» የሚል ስም አውጥቶለታል። ከረባት እንደ ሁልጊዜው ከስልኩ አልፎ በሚሰማ ድምፁ፣ በትሕትና ነው የጀመረው። እንዴት አደርሽ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ብርዱስ እንዴት ይዟችኋል። ከዚያ የሚጫወቱበት ማዕዘን ላይ አዲስ ሶፋ እንደሚገባ፣ ቦታው ከእንግዲህ ለሁለት ሰው እንደማይበቃ ነገራት።

«ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ብቻ ትመጫለሽ» አላት። «ወንድምሽ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቅር እንዳይልሽ። ግን እውነቱን እናውራ ካልን እሱ የሚጫወተው አይሰማም። እኔ ራሴ ጠጋ ብዬ አዳምጫለሁ። ጣቶቹ ሲንቀሳቀሱ አያለሁ እንጂ የሚሰማኝ ያንቺ ብቻ ነው። አንዳንዴማ፣ ለመሆኑ ይኼ ሰውዬ ሶኬቱን ሰክቶታል ወይ እላለሁ።» በራሱ ቀልድ ሳቀ። «ካልፈለግሽ ደግሞ አልፈርድብሽም። የተቀዳ ሙዚቃ በስፒከር እንለቃለን፤ ሌላውም ሆቴል የሚያደርገው እሱን ነው።»

ያቺ የከሰዓት ሥራ የሦስቱም ጉሮሮ መዝጊያ ነች። የወንድሟ ሚስት የምትሰፋው የተማሪ ዩኒፎርም ወቅት ጠብቆ የሚመጣ፣ ወቅቱ ሲያልፍ የሚደርቅ ነገር ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበችና «እሺ» አለች። ለምን ብላ እንኳ አልጠየቀችም። «እስቲ ላነጋግረው» አላለችም። ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጀርባዋን ቁም ሣጥኑ ላይ ስታስደግፍ እንጨቱ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ነበር።

ዞራ ወደ ፊተኛው ክፍል ስትገባ ወንድሟ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የጊታሩን ክሮች በጨርቅ ይወለውላል። ቀና አላለም። ሚስቱ ከመኪናዋ ላይ አንገቷን አዙራ፣ «አንቺ ሙዚቀኛ፣ ሻይሽ በረዶ ሊሆን ነው። በማለዳ የሚደውል ደግሞ ማን ነው? ባል ከሆነ ንገሪን፤ ቢያንስ አልጋሽን አንስተን ቁም ሣጥኑን እንገፋዋለን» አለቻት።

«ከሆቴሉ ነው።»

«ምን አሉ?»

ጨርቁ ከወፍራሙ ክር ወደ ቀጣዩ ተሻገረ። «ስብሰባ አለ አሉ» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «እኔን ብቻ ነው የፈለጉኝ። ጋሼ ዛሬ ይረፍ ነው ያሉት።»

«ይረፍ? ይኼን ግንድ ታቅፎ ሲውል መቼ ደከመው! ማረፍ የነበረብኝስ እኔ ነኝ» አለች ሚስትየው፤ በእጇ ቁም ሣጥኑን እያሳየች። በሩ ላይ ጥቁር ሸሚዙ ተሰቅሏል፤ ኮሌታው ቀጥ ብሎ፣ እጅጌው ላይ ያለው መስመር እንደ ቢላዋ ስል ሆኖ። «ታዲያ ይኼን ገና በጧቱ የተኮስኩት ለምንድን ነው?»

«ይሁን» አለ ወንድሟ ጨርቁን እያጠፈ። «እኔንም ጀርባዬን ትንሽ ይዞኛል።»

ጀርባውን አሞት አያውቅም። በሽተኛ ሰው እንኳ እንዲህ ቀልጠፍ ብሎ በሽታ አያገኝም። ሚስቱ በጥርጣሬ አየችውና ተመልሳ ወደ ስፌቷ ዞረች። ሻዩ በእውነትም በርዶ ነበር። እሷና ወንድሟ ጠጡት፤ ሁለቱም ቀዘቀዘ አላሉም።

ረፋዱ ላይ እጇን ለማፍታታት ኪቦርዷ ፊት ተቀምጣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ኪቦርድ ያስተማራት እሱ ነው፤ ያስተማራትም በሰው እየመሰለ ነው። «ላ፣ ዶ፣ ሚ። ይኼ ሰውዬ ነው» ይላት ነበር። «ያዘነ ሰውዬ፤ ማይነር የሚሉት እሱን ነው። ላ ከታች ስትሆን ቆሟል። ላን አንስተሽ ወደ ላይ ስትወስጃትና ዶ ከታች ስትቀር ተቀምጧል። ሚ ከታች ስትሆን ደግሞ በጎኑ ተጋድሟል። ኮርድ፣ አብረው የሚመቱትን ድምፆች፣ መገልበጥ ማለት ይኼው ነው፤ ሌላ ተአምር የለውም። ቢቆምም ቢቀመጥም ቢጋደምም ሰውዬው ያው ነው።» ቀጥሎ ለሰውዬው ልብስ ደረበለት። በሦስቱ ላይ ሶል ትጨመራለች፤ ሰባተኛዋ ነች፤ ያኔ ኀዘኑ ይለሰልሳል። በሶል ላይ ደግሞ ሲ ትደረባለች፤ እሷ ዘጠነኛዋ ነች፤ ያኔ ሰውዬው በመስኮት አሻግሮ የሄደ ሰው የሚጠብቅ ይመስላል።

አምስቱ ድምፆች አንድ ላይ ሲሆኑ ወንድሟ አንዱን ለራሱ ወሰደ። «ታችኛዋን ላን ለኔ ተያት፣ ቁንጫ» አላት። ልጅ ሆና ቁልፎቹ ላይ ስለምትዘል ቁንጫ እንዳላት ቀረ። «አንቺ ላይኛዎቹን አራቱን ያዢ። ሁለታችንም ላን ከያዝናት በአንድ ወንበር ሁለት ሰው እንደመቀመጥ ነው፤ ይደፈርሳል።» የግራ እጇ ትንሿ ጣት ተሳስታ ወደ ላ ስትሄድ በእርሳስ ጫፍ ቸብ ያደርጋት ነበር። ጣቷ ለመደች። አሁን ላ አጠገብ ስትደርስ ከጋለ ብረት እንደምትሸሽ ትሸሻለች። ሆቴል ውስጥም ሲጫወቱ ሥራው እንዲህ ነው፤ እሷ አራቱን ትይዛለች፣ እሱ ከሥር መሬቱን ያነጥፋል። አንዳንድ ቀን ደስ ሲለው የእሷን እጅ ሳያስለውጥ ከሥር ያለውን ብቻ ይለውጠዋል። ላን ሲመታ ሻይ የሚጠጣው ሰው ትከሻ ዝቅ ይላል፤ ፋን ሲመታ አንድ ሰው የሆነ ቦታ በር የከፈተ ይመስላል። ከዚያ በዓይኑ ይጠቅሳታል። ከረባት አይሰማም ያለው ይህን ነው። እውነቱን ነው፣ አይሰማም። ሰው ያዝናል እንጂ ማን እንዳሳዘነው አያውቅም።

አራቱን ተጫነች፤ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ሲ። ማዳመጫው ውስጥ የመጣው ያዘነው ሰውዬ አልነበረም። ሌላ ሰው ነው የመጣው፤ ፀጉሩን ያበጠረ፣ ጧት ፀሐይ ላይ የቆመ፣ ምንም ያልጎደለበት። ዶ ሜጀር፣ የደስታው ኮርድ። ከአምስቱ ላን ብታነሳ ዶ ሜጀር እንደሚቀር ገና ጀማሪ ሳለች ታውቀዋለች፤ ግን የምታውቀው፣ ሰው ሁሉ ሟች መሆኑን እንደሚያውቀው ዓይነት ነው። እነዚህን ሁሉ ዓመታት ብቻዋን ተለማመድኩ ስትል፣ ላን ከጀርባዋ፣ ከቁም ሣጥኑ፣ በአከርካሪዋ በኩል ስትቀበል ኖራለች። ዛሬ ቁም ሣጥኑ ዝም ብሏል። እንደገና ተጫነች። ሰውዬው እንደገና ፈገግ አለ። ማዳመጫውን አውልቃ ኪቦርዱን አጠፋች።

ምሳ ላይ ዳቦና እንቁላል ቀረበ። ሚስትየው ስለ ዩኒፎርሙ ቁልፎች አወራች፤ አዲሱ ቁልፍ ሲታጠብ ቀለሙ እንደሚለቅ፣ ነጋዴው ሲነገረው «ታዲያ ለምን ታጥቢዋለሽ?» እንዳላት። ወንድሟ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሳቃቸውን አቆሙ፤ ሚስትየው አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየችና ዳቦውን ማንም ሳይጠይቃት ቆርሳ ቆርሳ አደለች።

የመሄጃዋ ሰዓት ሲደርስ የዋሸችው ውሸት እግር እንደሌለው ገባት። ኪቦርዱን በቦርሳው ከትታ ዚፑን ስትዘጋ፣ ድምፁ በቁም ሣጥኑ አልፎ ወዲያ ተሰማ። ለስብሰባ ኪቦርድ ተሸክሞ የሚሄድ ማን ነው? ምክንያት ልትፈልግ አፏን ስትከፍት ወንድሟ በቁም ሣጥኑ ጫፍ በኩል ብቅ አለ። ጎንበስ ብሎ ቦርሳውን እንደ ሁልጊዜው ትከሻው ላይ አደረገ። ምንም አልጠየቃትም። ኪቦርዱን ከደረጃው የሚያወርድ እሱ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አንድም ቀን አሸክሟት አያውቅም፤ በአንደኛው ትከሻው የእሷን፣ በሌላኛው የራሱን። ዛሬ ሌላኛው ትከሻ ባዶ ነው፤ ሚዛኑን ስላጣ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሎ ግድግዳውን በእጁ እየዳበሰ ወረደ። እሷ ከኋላው ደረጃ በደረጃ ተከተለችው። «ጋሼ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር፤ አንደኛ ፎቅ ሲደርሱም ምላሷ ላይ ነበር፤ መንገድ ሲወጡ ዋጠችው። ከነገሩ ጦም እደሩ የሚለውን ተረት እናታቸው ስትወደው ለዚህ ቀን ይሆን?

ኪቦርዱን በታክሲው የኋላ ወንበር ላይ አጋደመው። ከኪሱ የተጠቀለለ ጥቁር ኬብል አወጣ። የራሱ የጊታር ኬብል ነው፤ ጫፉን በነጭ ፕላስተር የጠቀለለው።

«ያንቺ አንዳንዴ ያንቋርራል። ትርፍ ይሁንሽ» አላት።

«ለስብሰባ ኬብል ምን ያደርጋል?» ልትል ትችል ነበር። ውሸቷን ልትጠብቀው ትችል ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ተቀበለችው። ታክሲው ሲነሳ ዞራ ስታይ አንድ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ባዶውን ትከሻውን በሌላኛው እጁ የሚያሽ ሰው ነበር የቆመው።

ሆቴሉ የገባው አዲሱ ሶፋ የወይን ጠጅ ቀለም ነው። የወንድሟ ወንበር በነበረበት በትክክል ተቀምጧል። ማጉያው የለም፤ ከኋላ ባለው የጽዳት ዕቃ ክፍል፣ ከባልዲና ከመወልወያ መሐል እንደተደረገ አስተናጋጇ በሹክሹክታ ነገረቻት። ምንጣፉ ላይ ግን የማጉያው አራት እግሮች የቀረጹት ጉድጓድ አሁንም ይታያል። ዓመታት ያስቀመጡትን ነገር አንድ ጧት አያነሳውም። ኪቦርዷን ስትዘረጋ አራቱን ምልክቶች እንዳትረግጥ ተጠነቀቀች። ከረባት መጣ፤ ከረባቱን አስተካከለ፤ «ሰፋ አይልም? ትንፋሽ አገኘ እኮ ቤቱ» አላት። ቤቱ ሰፍቷል አለችው።

ሁልጊዜ የሚከፍቱት በአንድ ዘገምተኛ ዜማ ነው፤ ወንድሟ ያዘጋጀው፣ ከላ ማይነር የሚነሳ። ስም ስለሌለው «የዝናቡ» ይሉታል። እጇ ለማሰብ ጊዜ ሳይሰጣት ሄዶ የለመደውን ያዘ፤ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ሲ። ከሥር ማንም አልነበረም። የዝናቡ ዜማ ያለ ዝናብ ወጣ። ሰዎቹ ቀና ሲሉ አየች። አንድ ጎልማሳ በእግሩ ወለሉን መታ መታ ማድረግ ጀመረ። ሁለት ሴቶች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሳቁ፤ በሌላ ቀን በዚህ ዜማ ላይ የሚያወሩት በለሆሳስ ነበር። እሷ ያው ናት፤ ጣቷ ያው ነው፤ ቁልፎቹም ያው ናቸው። አንድ ሰው ስለሌለ ብቻ ኀዘኑ በሙሉ ወደ ደስታ ዞረ። ሰው ሲጎድል ቤት ይጨልማል ሲባል ነበር የምታውቀው። ሰው ሲጎድል የሚበራ ቤት ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

በየቀኑ መስኮት ሥር የሚቀመጡ፣ ከዘራ የሚይዙ አንዲት አሮጊት አሉ። ወደ መጸዳጃ ሲያልፉ ቆም ብለው እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አደረጉ። «ልጄ፣ ዛሬ ምን ጨመርሽበት? እንዲያው ቀለል ነው ያለኝ።»

«ምንም አልጨመርኩም፣ እማማ።»

«ጨምረሻል እንጂ! እኔ አይደለሁም እንዴ በየቀኑ የምሰማሽ?» ብለው በከዘራቸው እየተመሩ ሄዱ። ስለ ሌላው፣ በየቀኑ ከአጠገቧ ስለሚቀመጠው ሰው፣ አልጠየቁም። ማንም አልጠየቀም። ከጧት ጀምሮ የፈራችው አንድ ሰው መጥቶ «ወንድምሽስ?» እንዳይላት ነበር፤ አሁን ያ ፍርሃት ተገልብጦ አንድ ሰው እንኳ ቢጠይቃት የማትሰጠው ነገር አልነበረም።

ከረባት በእረፍቷ ሰዓት ሻይ አስመጣላት፤ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። «አየሽ? ብዬሽ ነበር። ያ ድብርት ከላዩ ተነሳለት። ሶፋው ነው ብዬ ነበር፤ ሙዚቃውም ነው ለካ።»

ከእረፍት ስትመለስ አንድ ነገር አደረገች። የዝናቡን ዜማ እንደገና ጀመረችና፣ ኮርዱ ላይ ስትደርስ የግራ እጇን ትንሿን ጣት ዘረጋች። ጣቷ እንደለመደችው ልትሸሽ ፈለገች። አስገደደቻት። ላን ተጫነች።

ላ መጣች። ያለ ምንም ችግር፣ በአንዴ። ያዘነው ሰውዬ ገብቶ መስኮቱ አጠገብ ቆመ። የእግሩን ምት ይዞ የነበረው ጎልማሳ እግሩን አቆመ። መስኮት ሥር ያሉት አሮጊት ማንኪያቸውን ሳህኑ ላይ አስቀምጠው ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ። እርግጥ የወንድሟ ላ አልነበረችም፤ የእሱ ላ ትንሽ ዘግይታ፣ ልክ ሰው ሲቀመጥ እንደሚተነፍሰው ተንፍሳ ነው የምትመጣው። ግን ይህን የሚያውቅ እዚህ ቤት ውስጥ ማን አለ? ያ ሁሉ ወፍራም ክር፣ ያ ሁሉ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ ያ ሁሉ ቁም ሣጥን ተደግፎ የተለማመደው ልምምድ፣ በአንዲት ትንሽ ጣት ተተክቶ ሥራው ቀጥሏል። ቦታውን ባዶ ብትተወው፣ ሰው በጎደለ ቤት ደስ ይበላችሁ እያለች ታስጨፍራለች። ቦታውን ብትይዘው ደግሞ ከረባትን ልክ ነህ የምትለው ራሷ ናት። ጣቷን አነሳች። ሰውዬው ወጥቶ ሄደ፤ ሴቶቹ እንደገና ሳቁ። እስከ መጨረሻው ድረስ ላን አልነካቻትም።

ስትመለስ ገና አልመሸም ነበር። ወንድሟ ከሕንፃው በር ላይ፣ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተቀምጧል። የለበሰው ያንን የተተኮሰውን ጥቁር ሸሚዝ ነው። ኮሌታው እስከ ላይ ተቆልፏል። ስታየው ቆም አለች።

«ተተኩሶ እንዳይቀር ብዬ ነው» አላት፤ ተነስቶ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አደረገ።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ለማረፍ ቆመ። እሱ ደረጃ ላይ አርፎ አያውቅም። ጀርባው ለእሷ እንደዞረ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ስንጥቅ በጥፍሩ እየጫረ፣ «ታችኛዋን ያዝሻት ወይስ ተውሻት?» አላት።

ሁሉንም እንደሰማ፣ ከመጀመሪያው «እንዴት አደርሽ» ጀምሮ እንደሰማ ያወቀችው ያኔ ነው። ቁም ሣጥኑ ዝም ያለው «እሺ» ከማለቷ በፊት ነበር። ወንድሟ መልሷን እስክትሰጥ ጠብቋል።

«ተውኳት» አለች።

«ወደዱት?»

ልትዋሽለት ፈለገች፤ የጧቱ ግን በቃት። «ወደዱት።»

በአፍንጫው ሳቀ። «ዶ ሜጀር ማን ይጠላል» አለና መውጣቱን ቀጠለ።

ሚስቱ መኪናዋ ላይ ነበረች፤ እጇን ከስፌቱ ሳታነሳ በዓይኗ ተቀበለቻቸው። ዛሬ ቀልድ አልነበራትም። ነግሯታል ማለት ነው። ቤዝ ጊታሩ በሣጥኑ ተከቶ ከአልጋው ሥር ገብቷል፤ የሣጥኑ እጀታ ብቻ ነው ብቅ ያለው። ወንድሟ ኪቦርዱን ይዞ ወደ እሷ በኩል ተሻገረ፤ ማቆሚያው ላይ አስቀመጠውና፣ አድርጎት የማያውቀውን፣ አልጋዋ ላይ ተቀመጠ። ከጎኑ መታ መታ አደረገላት።

«ሸሚዙን ሳልለውጥ አንዴ እንየው» አላት። «ቦታው ባዶ መቅረት የለበትም። ዛሬ ሶፋ ያስቀመጠ ሰው ነገ ሌላ ያስቀምጥበታል። ያንን የዝናቡን ደግሞ እንዲያ እየሳቀ እንዲሄድ አልፈልግም። ግራ እጅሽን አምጪ።»

አመጣች። ኪቦርዱ አልተሰካም፤ ሁለቱም ለመሰካት አልተነሱም።

«ላ የታለች?» ሲል ጠየቃት፤ ልጅ ሳለች እንደሚጠይቃት።

ትንሿ ጣቷ ታውቃለች። ዛሬ ሄዳባታለች፤ ያለ ምንም ችግር ሄዳባታለች። እሷ ግን ጣቷን ወስዳ ሲ ላይ አሳረፈች።

«እዚያ አይደለም፣ ቁንጫ። ዝቅ በይ።»

ዝቅ አለች፤ ላን አልፋ ሶል ላይ ወደቀች።

«አለፍሻት» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ከጧት ጀምሮ ያልነበረ ሙቀት ገባ። «ታችኛዋ ላ የኔ የአራቱ ክሮች እህል ውኃ ነች ብዬ ስንት ዓመት ከለከልኩሽ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ነይ።» ትንሿን ጣት በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ያዛት። በእርሳስ ጫፍ የሚያባርራትን ያቺኑ ጣት አንስቶ ላ ላይ አስቀመጣት። ጣቲቱ ሳይገፋት ታጠፈች። ቦታዋን እንደሚያውቅ ሰው ገብታ ተቀመጠች።

ወንድሟ ጣቷን ወዲያው አልለቀቃትም። እጅ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ጣት ሲፈራና ጣት ሲለምድ የሚለይ። ዓይኑን ወደ ቁም ሣጥኑ መለሰ።

«ቶሎ ለመደች» አለ በመጨረሻ።

እሷ የቀሩትን አራቱን አደረገችባት፤ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ሲ። አምስቱ ቁልፎች ቀጭ ብለው ወረዱ፤ ከዚያ በቀር ምንም አልተሰማም። ቁልፎቹን እንደተጫነች ቆየች፤ እሱም እጁን ከእጇ ላይ አንስቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ከወዲያ በኩል የስፌት መኪናው ቆመ።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አለች ሚስቱ በቁም ሣጥኑ በኩል። «ካልተጫወታችሁ እዚያ ምን ታደርጋላችሁ?»

«እየተጫወተች ነው» አላት።